ለኮምፒዩተሩ ካርድ አወጣሁለት

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። በእኔ ዕድሜ እንቅልፍ አይበዛም፤ በዚያ ላይ ከሥራ ዘመኔ የተረፈ የሌሊት ተረኛ ጆሮ አለኝ። ከሳሎን በኩል "ኧረ በማርያም!" የሚል የታፈነ ድምፅ ስሰማ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። የልጅ ልጄ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጧል። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆኗል፤ ከላይ ያዘነ ፊት የመሰለ ምልክት፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ።

"ደግሞ ጠፋብህ?" አልኩት።

"ዛሬ ብቻ ሦስተኛው ነው እማዬ። ሁለት ሰዓት የሠራሁት ሄደ" አለኝ። ዐይኑ ቀልቷል። እንቅልፍ በማጣት ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

እኔ በነርስነት ዲፕሎማ 34 ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ስለ ኮምፒዩተር የማውቀው ወርኃዊ ሪፖርት መጻፍና ማተም ያህል ብቻ ነበር። ይህን የምጽፍላችሁም የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆኜ አይደለም። ቤታችንን ለሦስት ሳምንት ያመሰ ችግር በምን እንደተፈታ ብነግራችሁ፣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ላላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

ዕቃው እንዴት ተሰበሰበ

በቤት አቡሽ እያልን የምንጠራው የልጅ ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ኮምፒዩተሩን የገጣጠመው ራሱ ነው። ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩንና አንዲት ራም አሜሪካ ያለችው ልጄ ለፋሲካ ስትመጣ ይዛለት መጣች። ሌላውን ከዚሁ ከአዲስ አበባ ገዛ። ገንዘቡ ግማሹ ከልደትና ከክርስትና ቪዲዮ ያጠራቀመው፣ ግማሹ የእኔ ዕቁብ ነው። አባቱ መጀመሪያ "ላፕቶፑ ምን አነሰው?" ብሎ አኩርፎ ነበር። ኮምፒዩተሩ ተገጣጥሞ ሲሠራ ካየ ከቀናት በኋላ ግን ልቡ ራራና አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ሁለተኛዋን ራም በትንሽ ካርቶን ይዞለት ገባ። አቡሽ አባቱን አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ የሳመው ያን ዕለት ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ፤ እኔም በቅርቡ ነው የተማርኩት። ፕሮሰሰር እንደ አንጎል ነው። ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ሳጥን ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለየክፍሉ በልኩ ያከፋፍላል፤ እንደ ልብ በሉት። ኤስኤስዲ ፋይል የሚቀመጥበት ቁም ሳጥን ነው። ራም ደግሞ የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ከቁም ሳጥኑ ያወጣውን ነገር እዚያ ላይ ዘርግቶ ይሠራል፣ ሲጠፋ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል። ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ሰፊ ጠረጴዛ ይፈልጋል።

አቡሽ የጎረቤታችንን ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ሊሠራ 4,000 ብር ቀብድ ተቀብሏል። ሙሽሮቹ ወደ ውጭ ሊሄዱ ቀን ቆርጠዋል። ኮምፒዩተሩ ግን አንዴ በሰማያዊ ስክሪን፣ አንዴ ራሱን አጥፍቶ በመነሣት ሥራውን እየበላ አስቸገረ።

ሁሉም ሐኪም ሆነ

በእኛ አገር አንድ ሰው ሲታመም ሐኪም የማይሆን የለም። ኮምፒዩተር ሲታመምም እንደዚያው ነው። አባቱ "ጌም እያወረደ ቫይረስ አስገባበት" አለ። እናቱ "ይሄ የሚሄድ የሚመጣ መብራት ነው" አለች። ጎረቤት "ሞቆ ነው" አለ። እኔም ከማንም አላነስኩም፤ "ዐይን በልቶት ይሆን?" ብዬ ሳቅ አስነሥቻለሁ።

አቡሽ ኢቨንት ቪወር የሚባለውን የዊንዶውስ መዝገብ ሲከፍት "ከርነል ፓወር 41" የሚል አገኘ። "ፓወር" የሚለውን ቃል ሲያይ ጥፋቱ የመብራት ነው ብሎ ስታብላይዘር ተገዛ። በዚያው ቅዳሜና እሑድ ጌሞቹ ተደመሰሱ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ቴርማል ፔስት ታደሰ፣ ዊንዶውስም እንደ አዲስ ተጫነ። ሁለት ቀን ደህና ሆነ። ሦስተኛው ቀን ላይ ተመልሶ ጠፋ።

ኋላ እንደገባኝ "ከርነል ፓወር 41" ማለት ኮምፒዩተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ጠፍቶ እንደገና ተነሣ ማለት ብቻ ነው። ለምን እንደጠፋ አይናገርም። ልክ እንደ ትኩሳት ነው። ትኩሳት የበሽታ ስም አይደለም፤ ወባም ይሁን የሳንባ ምች ያተኩሳል።

ሌላው ስሕተታችን አራት መድኃኒት በአንድ ቀን መስጠታችን ነው። በሽተኛው ቢሻለው የትኛው እንዳዳነው፣ ቢብስበት የትኛው እንደጎዳው አይታወቅም።

ራሟ ከተገዛች ሁለት ሳምንት በሞላት ምሽት አባትየው ራት ላይ "ይሸጥ! ቀብዱንም መልስ። ለእኔ ይሄ የማይችለውን ሥራ የመጀመር ውጤት ነው" አለ። አቡሽ ምንም አልመለሰም። እንጀራውን እንደቆረሰ ትቶ ተነሣ። ከላይ ያወራኋችሁ ሌሊት ከዚያ ራት በኋላ ያለው ነው። በነጋታው ልጄን "አንድ ሳምንት ስጠኝ" አልኩት።

"እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ስለ ኮምፒዩተር ምን ታውቂና ነው?"

"ስለ ኮምፒዩተር አላውቅም፤ ስለ በሽተኛ ግን አውቃለሁ" አልኩት። ሳቀና ተወኝ።

አንድ ሳምንት በካርድ

አንድ የመስመር ደብተር አወጣሁና ልክ እንደ ሕሙማን ቻርት አሰመርኩት። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እየተሠራ ነበር፣ ከተከፈተ ስንት ደቂቃ ሆነው፣ ሙቀት፣ የቤቱ መብራት እንዴት ነበር፣ ስክሪኑ ላይ ምን ተጻፈ፣ ከትናንት ወዲህ የቀየርነው አንድ ነገር ምንድን ነው። አቡሽ ሙቀት የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ስክሪኑ ጥግ ላይ አደረገልኝ። እኔ አጠገቡ ሹራቤን እየሠራሁ በየአሥር ደቂቃው ቁጥሩን እመዘግባለሁ። ደንባችን ሁለት ነበር፦ በቀን ከአንድ ነገር በላይ አይቀየርም፤ ያልተመዘገበ ነገር እንዳልሆነ ይቆጠራል።

የሰኞው መዝገብ ይኸው። ማታ 2:40፣ ቪዲዮ ኤዲት፣ ከተከፈተ 70 ደቂቃ፣ ሙቀት 71 ዲግሪ፣ መብራት ደህና፣ ጽሑፉ "ሜሞሪ ማኔጅመንት"። ማክሰኞ ጠዋት 1:15፣ ኢንተርኔት ብቻ፣ ከተከፈተ 4 ደቂቃ፣ ሙቀት 38፣ ጽሑፉ "አይአርኪውኤል ኖት ለስ ኦር ኢኳል"። ረቡዕ ከጎረቤት በተዋስነው ዩፒኤስ ላይ ሰካነው፤ ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም እየሠራ፣ አምፖሉ ሳይርገበገብ ኮምፒዩተሩ ብቻ ወደቀ። ጽሑፉ "ፔጅ ፎልት ኢን ነንፔጅድ ኤሪያ"። ሐሙስ አቡሽ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ራሞቹ በ3200 እንዲሮጡ ያደረገውን ማስተካከያ ወደ መደበኛው ፍጥነት መለሰው፤ ይህ የራም ፍጥነት ማሳደጊያ አንዳንዴ ራሱ ችግር ያመጣል። ሐሙስ ማታ ግን እንደገና ጠፋ።

ዓርብ ማታ ደብተሩን መሐላችን አድርገን ቁጭ አልን። ሙቀት ነው እንዳንል፣ ማክሰኞ ገና በቀዝቃዛው፣ በአራተኛው ደቂቃ ወድቋል። መብራት ነው እንዳንል፣ ዩፒኤስ ላይም ሆኖ ወድቋል፤ ደግሞም የኤሌክትሪክ ችግር ብዙ ጊዜ ጽሑፍ ለማሳየት ጊዜ አይሰጥም፣ ድርግም አድርጎ ያጠፋል። ቫይረስ ወይም ጌም ነው እንዳንል፣ ዊንዶውስ አዲስ ነው። ፍጥነቱም ወደ መደበኛው ተመልሷል። ደህና የነበሩት ሁለት ቀናት ደግሞ አቡሽ ፕሮግራም ብቻ ሲጭን የዋለባቸው፣ ቪዲዮ ያልነካባቸው ቀናት ናቸው። የሚጻፈው ስም በየጊዜው ይለያያል። ስሙ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢሆንና አንድ የተወሰነ ፋይል ቢጠራ ያን ፋይል ያመጣው ፕሮግራም ይጠረጠራል። በየጊዜው ሲቀያየር፣ በተለይም የሜሞሪ ነገር ሲደጋገም፣ ራሙን መመርመር ይገባል።

በዚህ ጊዜ አንድ ጥያቄ አስታወስኩ። ገና በመጀመሪያው ቀን ልጠይቀው ይገባኝ የነበረ፣ ለተማሪ ነርሶች ስንት ጊዜ የነገርኩት ጥያቄ ነው፦ "ሕመሙ መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን አዲስ ነገር ነበር?"

አቡሽ ዐይኑን ደብተሩ ላይ ተከለ። "መጀመሪያ ስገጣጥመው አራት ቀን ምንም አልሆነም። ሁለተኛዋ ራም ከገባች ማታ ጀምሮ ነው።"

"ታዲያ ታውቅ ነበር?"

"ከመጀመሪያው ሳምንት ጠርጥሬ ነበር።"

"ለምን ዝም አልክ?"

"የአባዬ ራም ናት እማዬ። ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ ብሎት የገዛልኝ… 'የሰጠኸኝ ነው የተበላሸው' ልበለው?"

ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ። በገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ አንዲት ወጣት እናት ሆዷን እያመማት ትመላለስ ነበር። ስንጠይቃት "ምንም አልወሰድኩም" ትላለች። በአራተኛው ቀን ብቻዋን ሳገኛት ነው አማቷ የሰጧትን የባህል መድኃኒት እየጠጣች እንደሆነ የነገረችኝ። አማቷን እንዳታስከፋ ብላ ነው የደበቀችን። ሰው ምልክት የሚደብቀው ሁልጊዜ ዋሾ ሆኖ አይደለም፤ የሚወደውን ሰው እንዳያስቀይም ብሎም ይደብቃል። የልጅ ልጄን አልተቆጣሁትም። "ጥርጣሬ ገና ውጤት አይደለም። መጀመሪያ እንመርምር፤ ከዚያ ለአባትህ የምትነግረው አንተ ነህ፣ እኔ አይደለሁም" አልኩት።

ምርመራው

ሜምቴስት 86 የሚባል ራም የሚመረምር ፕሮግራም አለ፤ ነፃው ለቤት በቂ ነው። በዩኤስቢ ፍላሽ ላይ ይጫንና ኮምፒዩተሩ ከዊንዶውስ ይልቅ ከፍላሹ እንዲነሣ ይደረጋል። ራሙ ላይ ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፤ የጻፈውና ያነበበው ካልተመሳሰለ ስሕተት ብሎ በቀይ ይመዘግባል። ነፃው አራት ዙር ይሄዳል፤ እስኪጨርስ ሰዓታት ስለሚወስድ ማታ አስጀምሮ መተኛት ነው። ደህና ራም አንድም ስሕተት አያሳይም። "ጥቂት ስሕተት ችግር የለውም" የሚባል ነገር የለም።

ሁለቱንም ራሞች እንደተሰኩ አስጀመርናቸው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ቀይ መስመር ወጣ። በሁለተኛው ሌሊት የአክስቱን ራም ብቻዋን መረመርናት፤ አራቱንም ዙር ያለ ስሕተት ጨረሰች። በማግሥቱ የአባቱን ራም በዚያው ማስገቢያ ለብቻዋ ሰካናት፤ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ቀይ። ምናልባት ዕድል ይሆናል ብለን ወደ ሌላው ማስገቢያ አዛወርናት፤ እንደገና ቀይ። የአክስቱን ራም እዚያው ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ ሞከርናት፤ ንጹሕ። እንግዲህ ጥፋቱ የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ሳይሆን የራሟ ነው ማለት ነው። ይህች የመጨረሻዋ ማጣሪያ ባትኖር ደህናውን ማዘርቦርድ ልንከስ እንችል ነበር።

ቪዲዮ ሲሠራ ለምን እንደሚበዛም ያኔ ገባኝ። ጠረጴዛው አንድ ጥግ ላይ ተሰብሯል። ጥቂት ወረቀት ስትዘረጋ ጥጉ ጋ ላትደርስ ትችላለህ፤ ጠረጴዛውን ስትሞላው ግን የግድ ትደርሳለህ።

አባቱ ፊት

አቡሽ ደብተሩን ይዞ አባቱ ፊት ቆመ። "ያንተ ራም" አላለም። ሰዓቱን፣ ሙቀቱን፣ የቀዩን ስክሪን ፎቶ አንድ በአንድ አሳየው። ልጄ ዝም ብሎ አነበበ። ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

"ስለዚህ እኔ የገዛሁልህ ናት?"

"አዎ አባዬ።"

"ለምን እስካሁን አልነገርከኝም?"

"እንዳትከፋ ብዬ።"

ልጄ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በማግሥቱ ራሟንና የፎቶዎቹን ሕትመት ይዞ ወደ ሱቁ ሄደ። ዋስትናዋ 15 ቀን ነበር፤ ስምንት ቀን አልፎታል። ባለ ሱቁ ደግ ሰው ሆኖ በራሱ ኮምፒዩተር ሞክሯት ቀዩን ሲያይ፣ ግማሽ ዋጋ አስከፍሎ ሌላ ሰጠው። ልጄ ሲመለስ "ስምንት ቀን ቀድመህ ብትነግረኝ በነፃ ነበር" አለው። ጫማውን እያወለቀ፣ ፊቱን ሳያዞር ደግሞ "እኔም ባልጮህብህ ትነግረኝ ነበር" አለ።

አዲሲቱን ራም እንኳ ሳንመረምር አላስገባናትም። አንድ ሌሊት ሙሉ ተፈትና አለፈች። ራሟ ስትበላሽ ፋይልም ሳይታወቅ ሊበላሽ ስለሚችል አቡሽ የሰርጉን ቪዲዮ ከካሜራው ካርድ እንደ አዲስ ገለበጠ። ካርዱን ስላልደመሰሰው እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሥራው አምስት ቀን ቢዘገይም ሙሽሮቹ ሳይሄዱ ደረሰላቸው።

እናንተ ቤት ከገጠመ

መጀመሪያ ጠቃሚ ፋይል ካለ ወደ ውጭ ዲስክ ይገልበጥ፤ ዋናው ቅጂ ግን አይደምሰስ። ደረሰኝና የዋስትና ቀን ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ።

ኬዙ ከመከፈቱ በፊት ገመዱ ከሶኬት ይነቀል፣ ማብሪያው አንዴ ተጭኖ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ፣ እጅ የኬዙን ብረት ይንካ። ካቻቢቴ የያዘ ልጅ ሁሉን መክፈት ያምረዋል፤ ፓወር ሰፕላዩን ግን ፈጽሞ አይክፈተው፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ጎጂ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

አዲስ ከተገጣጠመ ቀላሉ ይታይ። ገመዶቹ እስከ መጨረሻው ገብተዋል? ራሙ ጠቅ እስኪል ተጭኗል? ፋኖቹ ይዞራሉ? ከማቀዝቀዣው ሥር ያለው መከላከያ ፕላስቲክ ተልጧል? ማዘርቦርዱ የኬዙን ብረት እንዳይነካ የሚያደርጉት ትናንሽ የናስ ማቆሚያዎች በቦታቸው ናቸው?

ያለ ምንም ጽሑፍ፣ ከባድ ሥራ ላይ ሳለ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀቱና ፓወር ሰፕላዩ ይጠርጠሩ። የቤቱን ሶኬትና ዲቫይደርም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቢያይ ጥሩ ነው፤ የመሬት መስመር የሌለው ሶኬት ለዕቃውም ለሰውም አደጋ ነው። የሚጻፈው ስም የሚቀያየር ሰማያዊ ስክሪን ከሆነ ራሙ ይመርመር። በሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፣ ይመዝገብም።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ልጁን "ምን አድርገህ ነው?" ከማለት "መቼ ጀመረ?" በሉት። የመጀመሪያው ጥያቄ አፉን ያዘጋዋል፤ ሁለተኛው ያናግረዋል።

ደብተሩ ዛሬም ከኮምፒዩተሩ ጎን በገመድ ተንጠልጥሏል። ይህን ስጽፍ ሦስት ሳምንት ያለ አንድ ጥፋት አልፏል። ባለፈው ማክሰኞ ገልጬው ሳይ በእኔም በአቡሽም እጅ ያልተጻፈ መስመር አገኘሁ፤ የልጄ የእጅ ጽሑፍ ነው። "ማታ 3 ሰዓት፣ ቪዲዮ አብረን አየን፣ ሙቀት 52፣ ደህና" ይላል።